«ምች ነው ብለው አሳደሯት»

ይህን ዓምድ የማዘጋጀው ነርስ ነኝ። 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ 14ቱን ያሳለፍኩት በካንሰር ክፍል ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ መድኃኒት ሳዝዝ ካያችሁኝ አትስሙኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስማችሁንም አውጥቻለሁ። የዚህ ወር ጥያቄዎች እንዴት እንደተገጣጠሙ እንጃ፤ አራቱም ስለ ጨረር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አለሽ? እኛ የመጣነው ከደሴ ነው። እናቴ የማህፀን በር ካንሰር አለባትና አዲስ አበባ ቤት ተከራይተን ጨረር እየወሰደች ነው። አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። በሳምንት አንዴ ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት) አላት። ባለፈው ሐሙስ ማታ ሰውነቷ ጋለ፣ ብርድ ብርድ አላት፣ ከንፈሯ ላይም ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣባት። አክስቴ «ፀሐይ መቷት ነው፣ ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አጠጣቻት፣ ገላዋንም ቀባቻት። ፓራሲታሞልም ሰጠናትና ተኛች። ጠዋት ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ተቆጣን። ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል ብሎ አስተኛት። አሁን ተሽሏት ወጥታለች። ግን አልገባኝም። ጨረሩ የሚመታው ማህፀኗን ነው፤ ኢንፌክሽኑ ከየት መጣ? ጠያቂስ ላስገባ? ጠበሉስ? ምግቧስ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ እንኳን እናትሽ ተሻላት። በሐኪሙ ቁጣ አትቀየሙ። ያቺ ሌሊት ምን ያህል አደገኛ እንደነበረች እሱ ያውቃል፤ ለእናንተ ግን ማንም አልነገራችሁም። ጥፋቱ መንገር የነበረብን የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

«ከየት መጣ» ላልሽው፣ ከውጭ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው የሚመጣው ከራሷ ከእናትሽ አንጀት ነው። ሁላችንም ሆዳችን ውስጥ እልፍ አእላፍ ባክቴሪያ ይዘን ነው የምንዞረው። ሳንታመም የምንውለው አንጀታችን ደህና ሽፋን ስላለው ነው፤ ሾልኮ የሚያልፍ ካለ ደግሞ ነጭ የደም ሴል ቶሎ ይውጠዋል። ሽፋኑም ነጭ ሴሉም የሚተኩት ቶሎ ቶሎ በሚባዙ ሴሎች ነው። ጨረርና ኬሞ ደግሞ በሚባዝ ሴል ላይ ይበረታሉ። ካንሰሩን የሚመቱትም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ጨረሩ ያነጣጠረው ማህፀኗ ላይ ነው ያልሽው ልክ ነው። ግን ማህፀን የተቀመጠው ዳሌ ውስጥ ነው። ቅልጥም ሰብረን የምንመጠው መቅኒ በአብዛኛው ስብ ነው። በአዋቂ ሰው ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኒ በብዛት ያለው ዳሌ፣ አከርካሪ፣ ጎድንና ደረት አጥንት ውስጥ ነው። ለዚህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ይሰጣል፤ በአምስት ሳምንት፣ 25 ጊዜ ተከፋፍሎ። ዳሌዋ ላይ ያለው መቅኒ በየቀኑ አብሮ ይቀምሳል። የሌላውን አጥንት መቅኒ ደግሞ ኬሞው ያዳክመዋል።

ባክቴሪያን ቀድሞ የሚገጥመው ነጭ ሴል ኒውትሮፊል ይባላል። መቅኒያችን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ይሠራል። ይህን ያህል የሚደክመው ወዶ አይደለም፤ ኒውትሮፊል ደም ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ቀን ብዙም አይዘልም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ይኖራል። ስለዚህ መቅኒው ሲደክም የኒውትሮፊል እጥረት ከደም ማነሱ ቀድሞ ይመጣል። በየሳምንቱ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ፣ የሚያሠሯት ለዚህ ነው። ቁጥሩ በማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ከወረደ ቀልድ የለም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ማታ ተረኛ ነበርኩ። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ነጭ ሴሉ ወርዶ ተኝቷል። ሙቀቱን ስለካ 38.4 ነው። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ከጎረቤት አልጋው ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል። ሳል የለውም። ሽንት አያቃጥለውም። እጁ ላይ ካኑላው፣ በደም ሥር መድኃኒት የምንሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ የገባበትን አየሁ። ትንሽ ቀላ ብሏል፤ አላበጠም፣ መግል የለውም። ለተረኛው ሐኪም ሳልደውል ፓራሲታሞል ሰጠሁት። በሁለት ሰዓት ውስጥ 37.1 ገባ። ካርዱ ላይ «ትኩሳቱ ወርዷል» ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስመለስ ልጁ ዝም ብሏል፤ የላይኛው የደም ግፊቱ 70 ነበር።

ዋና ነርሷ እየሮጠች መጣች። በኋላ ነገሩ ሲረጋጋ ያንን ካኑላ አሳየችኝና «መግል ከየት ይምጣልሽ? መግል እኮ ኒውትሮፊል ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። መግል ማለት በአብዛኛው ሲዋጉ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው። እነሱ ከሌሉ ቁስል አይመግልም፣ ብዙም አያብጥም፤ ሳንባ ተበክሎ እንኳ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ በፓራሲታሞል አጠፋሁት። ልጁ ተረፈ። በእኔ ብልሃት ግን አይደለም።

እናንተም ያደረጋችሁት እኔ ያደረግኩትን ነው። እኔ ተምሬ ነበር፤ እናንተ አልተማራችሁም። ስለዚህ አትጸጸቺ፤ ብቻ ከእንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ቴርሞሜትር ግዢና አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ። በአፍ ተለክቶ አንዴም ቢሆን 38.3 ካሳየ፣ ወይም 38 ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተነሱና ሂዱ። የብብት ልኬት ከአፍ ዝቅ ስለሚል በብብት 38 ካየሽ አትጠብቂ። ካንቀጠቀጣት ደግሞ ቁጥሩን አትይ፤ ሂጂ። ፓራሲታሞል ሳትለኪ አትስጫት። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ አትሞክሪ፤ ከአንጀት ሾልከው የሚገቡት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ እሱን ይንቁታል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «ታማለች» ብቻ አትበዪ። «ጨረርና ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት» በዪ። ይህን ሲሰሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለባቸው። ወረፋ ያዢ ካሉሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እኔ ፈቅጃለሁ።

ዳማ ከሴን አልሰድብም፤ እናቴም እሱን እያሸች ነው ያሳደገችኝ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ነገር ብዙ ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ሰውነት ሲደክም ጠብቆ ይነሳል። ስለዚህ አክስትሽ ያየችው ነገር ነበር። ችግሩ ቅጠሉ አይደለም፤ «ምች ነው» ብሎ ማደሩ ነው።

ጠያቂ ይግባ። ብቻዋን መቆለፍ ሌላ በሽታ ነው። ግን ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የያዘው ከበር ይመለስ። የገባው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሙ ለጊዜው ይቅር፤ ትከሻ ይበቃል።

ጠበሉን በተመለከተ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የማውቀው የነርሷን ድርሻ ነው። ያልፈላ የምንጭ ውኃ መጠጣት ነጭ ሴሏ እስኪመለስ ይቆይ። መጠመቁም እንዲሁ። ሆዷና ዳሌዋ ላይ በማርከር የተሰመሩት መስመሮች ካሉ፣ ባለሙያዎቹ ጨረሩን የሚያነጣጥሩት በእነሱ ነው። አንዲት እናት ተጠምቀው መስመሩ ጠፍቶባቸው እንደገና ልኬት ሲጠብቁ አስታምሜያለሁ። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ላይም ቅቤ አትቀቢ። ቆዳው ከተላጠ እሱም ለባክቴሪያ በር ነው።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ያካብዳል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት ይቅር። ሌላው በደንብ ከበሰለና ትኩስ ከሆነ ትብላ። ፍራፍሬ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይላጥ። «ይህ ክልክል፣ ያ ክልክል» የሚሉ ረጃጅም ዝርዝሮችን አልወድም። በጥናት ሲታዩ ኢንፌክሽን አልቀነሱም፤ በሽተኛዋን ግን ያከሳሉ። አጥሚት ከወደደች አጥሚት ይሁን።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ መምህራችን ሂሮሺማ ላይ ምንም ያልተቃጠሉ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ሞቱ ብሎናል። ጨረሩ ካለፈ በኋላ ምን ገደላቸው?

መልስ፦ ጎበዝ! ጥያቄው የፊዚክስ ሳይሆን የእኔ ነው።

የአቶም ቦምቡ የወደቀው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ነው። ከፍንዳታውና ከእሳቱ ያመለጡ ብዙ ሰዎች ለጥቂት ቀን ደህና መስለው ሰነበቱ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆን ፀጉራቸው ይረግፍ ጀመር። ቆዳቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጣ። ድዳቸው ደማ፣ ጉሮሯቸው ቆሰለ፣ ትኩሳት ያዛቸው። ብዙዎቹን የገደላቸው ኢንፌክሽንና መድማት ነው።

ለምን ዘገየ? እ.ኤ.አ. በ1906 ቤርጎኒዬና ትሪቦንዶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ጨረር ይበልጥ የሚጎዳው በፍጥነት የሚባዙና ገና ያልበሰሉ ሴሎችን መሆኑን ጽፈው ነበር። መቅኒ ውስጥ የሚሞተው ዘሩ ነው። የበሰለው ሴል ጨረሩን ችሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ግማሽ መንገድ የደረሰውም ይበስላል። ጎተራ አስብ። የዘንድሮው እህል አለ፤ የተቃጠለው ለዘር የተቀመጠው ነው። ረሃቡ የሚመጣው በኋላ ነው። መላ ሰውነቱ ከ2 እስከ 4 ግሬይ የተመታ ሰው ኒውትሮፊሉ አዘቅት የሚገባው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። መጠኑ ከፍ ካለ ይፈጥናል። (ለእህታችን እናት የተሰጠው እስከ 50 ግሬይ ነው ብዬ እዚህ 4 ስል ግር እንዳይልህ። ያኛው አንድ አካባቢ ላይ ብቻ፣ በ25 ቀን ተከፋፍሎ ነው። ይህ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር፣ በአንዴ።)

አንድ ለየት የሚል ነጭ የደም ሴል አለ፤ ሊምፎሳይት። እሱ ሳይባዝም ይሞታል፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ሐኪሞች ይህን ይጠቀሙበታል። ሊምፎሳይት በምን ፍጥነት እንደወረደ ቆጥረው ሰውየው ምን ያህል ጨረር እንደተቀበለ ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ በጣም የተጎዱት እሳት አጥፊዎችና ሠራተኞች ወደ ሞስኮ ስድስተኛ ሆስፒታል ተወስደው እንዲህ ተለይተዋል። የጨረር በሽታ መሆኑ የተረጋገጠው በ134 ሰው ላይ ነው። 28ቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞቱ። ለ13ቱ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተሞክሮ ነበር፤ አብዛኞቹን አላዳነም። ብዙዎቹ ቆዳቸውም ክፉኛ ተቃጥሎ ስለነበር ባክቴሪያው በአንጀትም በቆዳም ነው የገባው።

ባክቴሪያው ከአንጀት እንደሚመጣ በምን ታወቀ? በአይጥ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ፊሊፕ ሚለርና ባልደረቦቹ አይጦችን በጨረር መትተው በየቀኑ ደማቸውን መረመሩ። አይጦቹ ከመሞታቸው በፊት ደማቸው ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ በቀለ። ስትሬፕቶማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲሰጧቸው የሚተርፉት በዙ። ከተወለዱ ጀምሮ ባክቴሪያ የሚባል ነገር የሌለባቸው፣ በልዩ ቤት ያደጉ አይጦችም አሉ። እነሱ ከዚያው ጨረር በኋላ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይኖራሉ። እንግዲህ ገዳዩ ጨረሩ ነው ወይስ ባክቴሪያው? ጨረሩ በሩን ሰበረ፣ ዘበኛውን ገደለ፤ ሌባው ግን ድሮም ግቢው ውስጥ ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምርልህ፤ እኔን ከቼርኖቤል ይበልጥ የሚያመኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1987፣ ጎያኒያ የምትባል የብራዚል ከተማ። ከተዘጋ ክሊኒክ ውስጥ የተረሳ የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። ሁለት ሰዎች ፈታተው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት፤ በእኛ ቋንቋ ለቆራሌው። ውስጡ ሲዚየም 137 የሚባል ጨረር የሚረጭ ዱቄት አለ። በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ሰውየው ጉድ ብሎ ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፈለው። የ6 ዓመት ሕፃን ዱቄቱን በነካ እጇ ምግብ በላች። ከ100,000 በላይ ሰው ተመረመረ፣ 249 ሰው ላይ ዱቄቱ ተገኘ፣ አራት ሰው ሞተ። ሕፃኗ አንዷ ናት። እነዚህም የሞቱት አንድ ወር ገደማ ቆይተው ነው፤ ደም በመፍሰስና በኢንፌክሽን። ያው የሂሮሺማው መንገድ።

ዛሬ መቅኒን ቀስቅሶ ኒውትሮፊል የሚያሠራ መርፌ አለ፤ ፊልግራስቲም ይባላል። ለኬሞ በሽተኞች ከኖረ ቆይቷል። አሜሪካ ለጨረር አደጋ የፈቀደችው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መርፌው የሚቀሰቅሰው የተረፈ ዘር ካለ ብቻ ነው። ካልተረፈ ምንም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሰላም ነው? ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ራጅ ቴክኒሻን ሆኜ ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ኒውትሮፊሌ 1,150 ነው፣ ዝቅተኛ ነው ተባልኩ። ሐኪሟ ሥራዬን ስትሰማ ደነገጠች። ሚስቴ ሥራ ልቀቅ እያለችኝ ነው። የጨረር መለኪያ ባጄ ባለፈው ዓመት ያነበበው 0.4 ሚሊሲቨርት ነው። ታምሜ አላውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራህን አትልቀቅ። ከተፈጥሮ ብቻ፣ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ፣ የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ይቀበላል። አንተ ከሥራህ ያገኘኸው የዚያን አንድ ስድስተኛ ነው። የደም ሴል ቁጥር በግልጽ መውረድ የሚጀምረው መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ 500 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲመታ ነው። ካንተ ከሺህ እጥፍ በላይ።

ታዲያ 1,150 ምንድን ነው? ምናልባት አገርህ። ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት አለ። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንም ብዙዎቻችን፣ ይህ ምልክት የለንም። የለሽነቱ ቫይቫክስ ከሚባለው ወባ በመጠኑ ይከላከላል። ከሱ ጋር ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ዝቅ ይላል። በሽታ አይደለም፤ ኢንፌክሽን አያበዛም። ባክቴሪያ ሲመጣ መቅኒው እንደማንም ሰው ይሠራል። እስራኤል ያሉ ሐኪሞችም ይህንኑ በቤተ እስራኤላውያን ላይ አይተዋል። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ያለው «ዝቅተኛ» የሚለው መስመር በአብዛኛው የተሰመረው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ደም ነው።

ለሐኪምህ «የዳፊ ምርመራ ይሠራልኝ» በላት። አገር ቤት የተሠራ የቆየ ሲቢሲ ካለህ አስልክ። ያኔም 1,200 ከነበርክ ራጅ ሳታይ ጀምሮ እንዲሁ ነህ ማለት ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሄደ፣ አፍህ ደጋግሞ ከቆሰለ፣ ወይም ቀይ ሴልህና ደም የሚያረጋው ፕላትሌትህም አብረው ካነሱ ግን የደም ስፔሻሊስት ጋ ሂድ። ባጁን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትርሳው፤ ደረትህ ላይ ካልሆነ 0.4 ያነበበው መሳቢያውን ነው። (ስቀልድ ነው። ግን የማውቃቸው አሉ።)

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ የሦስት ዓመት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የደረት ራጅ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋንና ሳል አይለቀውም። ጨረሩ ይሆን ያደከመው? ከሐዋሳ።

መልስ፦ አይደለም፣ እመቤቴ። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሦስቱም ተደምረው ሁለት ወር በሕይወት በመኖር ብቻ የምናገኘውን አይሞሉም። ከላይ የጻፍኩትን 500 አስታውሺ። ነገሩን ገልብጠሽ እዪው፤ ልጁ የታመመው ራጅ ስለተነሳ አይደለም፣ ራጅ ያነሱት ስለታመመ ነው። ዕድሜውም የጉንፋን ነው። መዋእለ ሕፃናት ከገባ ደግሞ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ቢይዘው አይገርምም። አራተኛ ራጅ ካዘዙ ግን «ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ መብትሽ ነው።

እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የክትባት ካርዱ ሙሉ ነው? የሳንባ ምች ክትባቱን ሦስቴ ወስዷል? የምታበስዪውስ በምንድን ነው? ልጁ በሚተኛበት ክፍል ከሰል የሚነድ ከሆነ ጥርጣሬዬ እዚያ ነው። የሳንባ ቧንቧዎች ውስጥ ባክቴሪያንና አቧራን ወደ ላይ የሚጠርጉ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። ጭስ እነሱን ያዝላቸዋል። ምድጃውን ደጅ አውጥተሽ አቀጣጥዪው፤ ቡናውንም እዚያው አፍይው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ወይም ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂው።